ከኢፍጧር በኋላ የሚቀረው



ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲነሳ በጀመዓችን ቶሎ የሚታሰበው ችግኝ ነው። ችግኝ መትከል ሰደቃ ነው፤ ክረምት ሲመጣ አብረን እንውጣ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ችግኝ በዓመት አንዴ ነው። ሶላት በቀን አምስት ጊዜ፣ ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ኢስራፍ የሚገባብን በእነዚህ በኩል ስለሆነ እኔ የማወራው ስለ ሳህን፣ ስለ ፌስታልና ስለ ቧንቧ ነው።

ከራሳችን የኢፍጧር ፕሮግራም ልጀምር። 300 ሰው የሚያፈጥርበትን አንድ ምሽት እናስብ። ተምርና ሳንቡሳ በፌስታል፣ ሾርባ በሚጣል ኩባያ፣ ውሃ በሃይላንድ፣ ምግቡ በሚጣል ሳህን። ለአንድ ሰው አራት ዕቃ ማለት በአንድ ምሽት 1,200 ነው። በረመዳን አራት ጊዜ ብቻ ብናዘጋጅ 4,800 ይደርሳል። ሁሉም ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለችው አጭር ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ነው። እኛ ለተራዊሕ እንቆማለን። ጠዋት ከመስጂዱ ጀርባ ይቃጠላል፣ የተረፈውን ንፋስ ወደ ቦዩ ይወስደዋል። ክረምት ላይ ቦዩ ሲደፈን ጎርፉ የሚገባው ከታች ያሉት ሰዎች ቤት ነው። ጎረቤት ሐቅ እንዳለው ደርስ ላይ ስንት ጊዜ ሰምተናል!

«ተለቅሞ በመኪና ከተጫነ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። የተጫነውም የሆነ ቦታ ይራገፋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ የተባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩ፣ ከቆሻሻውም እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩበት። ያ ክምር ከየቤቱ በፌስታል እየታሰረ የወጣ ነው።

ሕግም አለ። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከሱቅ አልጠፋም። በ2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ የፌስታል ክልከላ አጽድቋል። እኛ ግን ማባከን ክልክል መሆኑን ለማወቅ አዋጅ መጠበቅ አልነበረብንም። ሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 ላይ ማባከን የተከለከለው መብላትና መጠጣት ከተፈቀደበት ቃል ጋር አብሮ ነው።

አሁን በግልጽ የማይነገረውን ልናገር። የሚጣል ሳህን ወደ ፕሮግራማችን የገባው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ ማጠብ ስለሌለው ነው። ምግብ በትሪ ይቀርብ በነበረበት ጊዜ ወንድሞች በልተው ወደ ሶላት ይነሳሉ፣ ትሪና ድስት ሲያጥቡ ተራዊሕ የሚያመልጣቸው እህቶች ናቸው። ፕላስቲኩ ሲመጣ እህቶች ደስ ቢላቸው ማን ይፈርድባቸዋል? «ፕላስቲክ ይቅር» የሚል ወንድም እጅጌውን ሰብስቦ ገንዳው አጠገብ ካልቆመ፣ ያቀረበው ሐሳብ ሳይሆን ለእህቶቹ የጨመረው ሥራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የዘገቡት በቡኻሪ ይገኛል። ይህን ሐዲስ የምናነሳው ስለ ትዳር ስንማር ብቻ መሆኑ ይገርመኛል።

ትሪው ራሱ ብዙ ነገር ያቀላል። አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ የሚታጠበው አንድ ዕቃ ነው። የሚደፋውም ምግብ ያንሳል፣ አንዱ የተወውን ሌላው ይጎርሰዋላ። ውሃም በጆግና በብርጭቆ ይቀርብ፤ ጀመዓው አንዴ ቢገዛው ለሚቀጥሉት ባቾች ሁሉ ይተርፋል።

ወደ ውዱእ ልምጣ። «ውሃ መቆጠብ የፈረንጅ አጀንዳ ነው» የሚሉ አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ወንዝ ዳር ስለሚደረግ ውዱእ የሚነገረው ሐዲስ በሰነዱ ላይ ዑለማዎች ስለተናገሩበት እሱን እተወዋለሁ፤ የሙዱ ይበቃኛል። ሙድ በግምት የአንድ ሊትር ሁለት ሦስተኛ ነው። አሁን ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይዛችሁ ወደ ውዱእ ቦታው ቧንቧ ሂዱና ሙሉ። በ20 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 6 ሊትር እየፈሰሰ ነው። ቧንቧውን ሁለት ደቂቃ ከፍቶ ውዱእ የሚያደርግ ሰው 12 ሊትር፣ ማለትም 18 ሙድ ያህል አፍስሷል። ዶርም ውስጥ ውሃ ሲጠፋ በጄሪካን ተሸክመን ፎቅ እንወጣለን፤ ያን ቀን አንድ ትንሽ ሃይላንድ ለውዱእ ይበቃናል። ውሃው ሲመጣ ለምን አይበቃንም?

ለእረፍት ቤት ስንሄድ ግን በእናቶቻችን ላይ አስተማሪ እንዳንሆን እፈራለሁ። ዘንቢል ይዘው ገበያ የሚወጡት እነሱ ነበሩ፤ ከሱቅ ሁሉን ነገር በፌስታል አንጠልጥለን የምንገባው እኛ ነን። ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፎ ማደር ከሰል እንደሚቆጥብ ከእኛ በፊት ያውቃሉ። ለእነሱ የሚጠቅመው ዘንቢሉን ይዘን ሱቅ መላላካችን ነው።

ለጀመዓው አመራር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለመጪው ረመዳን ለሚጣል ዕቃ የሚመደበው ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት ትሪ፣ ጆግና ብርጭቆ ይግዛ። የአጣቢዎች ተራ በዲፓርትመንት ተከፋፍሎ ከፕሮግራሙ ማስታወቂያ ጋር አብሮ ይለጠፍ፣ ከዒሻእ አዛን በፊትም ታጥቦ ይለቅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች የወንድሞች ብቻ ይሁኑ። እኔ ለመጀመሪያው ምሽት ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ ሌላ አሥር ሰው ያስፈልጋል።