የአፈሩም ቃል ይሰማ

ባለፈው የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ይሄ የበግ መስክ ነው ወይስ ኳስ ሜዳ?» ላላችሁኝ ልጆች መልሱ ይኸው። ሳር የለበሰ አፈር ነው። ግን ከ560 ዓመት በፊት ሰው የተላለቀበት አፈር ነው።

ቦታው ሺኖሪ ይባላል። ሰሜን ጃፓን፣ ሆካይዶ ደሴት፣ በዛሬዋ ሃኮዳቴ ከተማ ውስጥ ነው። ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ከፍታ ላይ የተከመረ አፈር እንደ አጥር ዞሮበታል፤ በአንድ ጎኑ ከ70 እስከ 80 ሜትር፣ በሌላው ከ50 እስከ 65 ሜትር ይሆናል። በሰሜን በኩል ክምሩ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አሠራሩ ምን መሰላችሁ? ጉድባ ትቆፍራለህ፣ የወጣውን አፈር ከጎኑ ትከምራለህ። በአንድ ድካም ጉድባም ግንብም አገኘህ ማለት ነው። ውስጡ ደግሞ ኮባያሺ የሚባሉ ባላባቶች የሚኖሩበት ግቢ ነበር፤ ቤትም የውሃ ጉድጓድም ነበረው።

እንዲህ ያሉ 12 ምሽግ መኖሪያዎች በዚያ ዳርቻ ተደርድረው ነበር። ባለቤቶቹ ከዋናው ደሴት ተሻግረው የመጡ ጃፓኖች ሲሆኑ ከነባሩ ሕዝብ ከአይኑ ጋር ይነግዱ ነበር። (ክፍል ውስጥ «አይኑ» ስል «የማን ዓይን?» የሚል መቼም አይጠፋም።) ዓሣ፣ የአውሬ ቆዳና የባሕር አረም ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ብረትና ሩዝ ወደ ሰሜን ይመጣል። ንግዱ ቀላል እንዳይመስላችሁ! እ.ኤ.አ. በ1968 ሺኖሪ አጠገብ መንገድ ሲሠራ ከመሬት ሦስት ትላልቅ ጋኖች ወጡ። ውስጣቸው ከ370,000 በላይ ሳንቲም ነበረ፤ አብዛኛው የቻይና።

እንግዲህ በ1456 አንድ የአይኑ ወጣት እዚያው ሺኖሪ ለብረት ቀጥቃጭ ቢላ አዘዘ። በቢላዋ ጥራትና ዋጋ ተጣሉ። ቀጥቃጩ በዚያችው ቢላ ወግቶ ገደለው። በዓመቱ አይኑዎች ኮሻማይን በሚባል መሪ ሥር ተነሱ፤ ሺኖሪ ወደቀ፣ ከ12ቱ ምሽጎች 10ሩ ወደቁ። በመጨረሻ ታኬዳ ኖቡሂሮ የሚባል ተዋጊ ኮሻማይንን ገደለና ጦርነቱ አበቃ።

ስለ ጃፓን ባላባቶች ስንማር ይህን ታሪክ እንደ ጨዋታ አወራላችሁ ነበር። ታስታውሱ እንደሆነ ኖቡሂሮን ጀግና አድርጌ ነበር የማወራው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «የተገደለው ልጅ ስሙ ማነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ቤት ገብቼ ፈለግኩ፤ የለም።

ለምን የለም? ታሪኩን የምናውቀው የማትሱማኤ ቤተሰብ ካስጻፈው ዜና መዋዕል ነዋ! የተጻፈው በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ከነገሩ ከ180 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ማትሱማኤዎች ደግሞ አባታችን የሚሉት ያንኑ ኖቡሂሮን ነው። አይኑዎች በጽሑፍ ያስቀሩት ነገር የለም። ገዳዩ ወገን ጻፈ፣ እኔም እዚህ ሆኜ ሳልጠይቅ ደገምኩለት።

አፈሩ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። ኖቡሂሮ ከድሉ በኋላ ካሚኖኩኒ ውስጥ ኮረብታ ላይ ካትሱያማ የሚባል መኖሪያ ምሽግ ሠራ። አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩት የአይኑ የአጥንት ቀስት ጫፎችና የዓሣ መውጊያዎች ምሽጉ ውስጥ አገኙ። መቃብሩ ቦታ ላይም ከጃፓኖቹ ጎን በአይኑ ወግ የተቀበሩ ሰዎች ወጡ። በድል አድራጊው ግቢ ውስጥ ሁለቱም ሕዝብ ይኖር ነበር ማለት ነው። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ፣ እንደኔ፣ ሁለት የተፋጠጡ ጦሮችን ብቻ ነው የሚያየው።

ስለዚህ «ድንጋይ እንኳ የሌለበት ኮረብታ ምኑ ቅርስ ነው?» ለሚለኝ የሥራ ባልደረባዬ ያለኝ ክርክር ይሄ ነው። ያ ሳር ተደርምሶ ቪላ ቢሠራበት ኖሮ ዛሬ የሚቀረን የማትሱማኤ ቤተሰብ ወረቀት ብቻ ነበር። ደግሞ «የአይኑ አመፅ» የምንለውንም ብንተው ደስ ይለኛል። አመፅ ካልክ እኮ መሬቱ የማን እንደሆነ ሳትከራከር ፈርደሃል። የጃፓን ሕግ ራሱ አይኑዎችን ነባር ሕዝብ ብሎ የጠራው በ2019 ነው!

የዘንድሮ ልጆቼ፣ ታሪኩን ሰኞ እደግመዋለሁ፤ ከወጣቱ ልጅ ነው የምጀምረው። ጃፓን ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ በሃኮዳቴ ካለፋችሁ ፎቶ ላኩልኝ። እባካችሁ ጉድባው ውስጥ ወርዳችሁ አንሱት፤ ከላይ ሲነሳ ከፍታው አይታይም፣ የበግ መስክ ነው የሚመስለው።