ለአንድ ገጽ ማስታወቂያ ዳታቤዝ ምን ያደርጋል?

በጋምቤላ ከተማ መሃል ቆሞ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ በስልኩ የሚፈልግ ወጣት ለሚያወርደው ሁሉ ከፓኬጁ ይቆረጥበታል። ዌብሳይት የሚያሠሩም የሚሠሩም ግን ይህን ሰው ያሰቡት አይመስልም። አንድ ትምህርት ቤት ወይም ማኅበር «ዌብሳይት ይሠራልን» ባለ ቁጥር የሚቀርብለት ያው የተለመደው ነው፦ ዎርድፕረስ የሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ፣ ዳታቤዝ፣ ተንሸራታች ፎቶ፣ የፕለጊን (የተጨማሪ ሶፍትዌር) ጋጋታ።

ይህ ልማድ ስህተት ነው።

የተቋሙ አድራሻና የአገልግሎት ዝርዝር በየደቂቃው አይለዋወጥም። ሰርቨሩ ግን፣ መሸጎጫ ካልተገጠመለት በቀር፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ዳታቤዙን እየጠየቀ ያንኑ ገጽ እንደ አዲስ ያሰናዳል። ያልታደሰ ፕለጊን ደግሞ ለሰርጎ ገብ የተከፈተ በር ነው፤ ሠሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ማን ያድሰዋል?

አማራጩ ገጹን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ እንደ ተራ ፋይል ማስቀመጥ ነው። ይህን ከሚሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ጆን ሰንደል የተባለ ፕሮግራመር በስዊፍት የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈው ፐብሊሽ ነው። «ስዊፍት ያለ ማክ ኮምፒውተር አይሠራም» የሚባለው እውነት አይደለም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ይህ ቋንቋ በ2015 መጨረሻ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል፤ በሊኑክስም ይሠራል። አጀማመሩም ቀላል ነው። ባዶ ፎልደር ውስጥ «ፐብሊሽ ኒው» ብሎ ማዘዝ፣ ጽሑፉን ማርክዳውን በሚባለው ቀላል የአጻጻፍ ስልት ጽፎ «ኮንቴንት» ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ «ፐብሊሽ ጀነሬት» ማለት ነው። ያለቀለት ገጽ «አውትፑት» ውስጥ ይገኛል። ለሥራ ማስታወቂያ ደግሞ የማመልከቻው ማብቂያ ቀን ግዴታ እንዲሆን በኮዱ ከተደነገገ፣ ቀኑ የተረሳበት ማስታወቂያ ሕዝብ ዘንድ ሳይደርስ ሥራው በስህተት መልእክት ይቆማል። በየቀኑ ማስታወቂያ ለሚያወጣ ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። ስዊፍትን ለመጫን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማውረድ ያስፈልጋል፤ «ጎ» በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ሌላው ተመሳሳይ መሣሪያ ሁጎ ግን አንድ ፋይል ብቻ ስለሆነ በጣም ይቀላል። ስዊፍት የማያውቅ ሰው በሁጎ ቢጀምር ይሻለዋል። ያልተመጠነ ፎቶ የታጨቀበት ገጽ ደግሞ በየትኛውም መሣሪያ ቢሠራ ፓኬጅ መብላቱ አይቀርም።

የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህራን አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፦ መሣሪያዎቹን አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ለተማሪዎቻቸው ያከፋፍሉ፤ የመጀመሪያው የቤት ሥራም በአማርኛ፣ በኑዌርኛና በአኝዋክኛ የተዘጋጀ፣ ዳታቤዝ የሌለው የማስታወቂያ ገጽ ይሁን።