ከቤት ለዋሉ አረጋውያን የሚላክ ቪታሚን

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ባሎቻቸው ያረፉባቸው እናቶች ቆብ ጭነው፣ ሥጋ ትተው በልጆቻቸው ቤት መኖራቸው የቆየ ልማድ ነው። ጉልበታቸው ሲደክም ከቤተ ክርስቲያን መሳለሙም ይቀርና ከምድጃው አጠገብ ይውላሉ። ይህን የሰማ በአዲስ አበባ ወይም በአሜሪካ ያለ ልጅ በመንገደኛ እጅ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ቪታሚን ይልካል፤ አሳቢነቱም የሚመሰገን ነው። እማሆይ ግን መድኃኒቱ ጾም ያስገድፍ እንደ ሆነ ስለሚጠራጠሩ፣ ብልቃጡ ሳይከፈት ከመደርደሪያ ላይ ይከርማል።

ጥርጣሬያቸው ከንቱ አይደለም። የብዙው ካፕሱል ልባስ ጄላቲን የሚባል፣ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው። ስለዚህ ላኪው ልጅ ደረቁን ኪኒን ቢመርጥ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ቪታሚን ቢ12 ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ተለይቶ የተገኘው ይህ ቪታሚን በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት እንጂ በሽሮም በጎመንም አይገኝም። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ስለሚያከማች ጉድለቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በእርጅና ጊዜም የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ቢ12ን ከምግብ ለይቶ መውሰድ ያዳግታል፤ በኪኒን ያለው ግን ከምግብ ጋር ያልተጣበቀ በመሆኑ ይቀላል። የጉድለቱ ምልክት የእግር መደንዘዝና ማቃጠል፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳት ነው። እኛም «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ በጊዜ ካልታከመ ግን የነርቭ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። በፋብሪካ የሚዘጋጀው ቢ12 ከሥጋ ሳይሆን በባክቴሪያ አማካይነት የሚገኝ መሆኑን እማሆይ ቢያውቁ ልባቸው ያርፋል።

ቪታሚን ዲንም ቆዳ ከፀሐይ ይሠራዋል። አገራችን ፀሐይ አልጎደለባትም፤ ነገር ግን በጋቢ ተጠቅልሎ ከጓዳ ለሚውል አረጋዊ ያ ፀሐይ ምን ይጠቅመዋል? ከደጅ ወንበር ማውጣት ገንዘብ አይጠይቅም። በአሜሪካ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በቀን 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ይመከራል። ዲ3 ብዙውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ቅባት የሚወጣ ሲሆን፣ ዲ2 ከእርሾ ወይም ከእንጉዳይ ይገኛል።

ብረት ያለበት ኪኒን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ። አረጋዊ ሰው ደም ሲያንሰው ደሙ በስውር የሚፈስበት ቦታ እንዳለ መመርመር ይገባል። ያው ኪኒን ከረሜላ መስሎት ለሚውጠው የልጅ ልጅ ገዳይ መርዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ብልቃጡ ይቆለፍበት።

ስለ ጾሙም ቢሆን ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገረው በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛን ለይቶ ያወጣዋል፤ የንስሐ አባትን ማማከር እንጂ በራስ መፍረድ አያስፈልግም። ብልቃጡን ቤት ለቤት ለምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም በሆስፒታል ላለው ሐኪም ማሳየት ይገባል። ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን የሚወስዱ አረጋውያን ካሉ ይህም አብሮ ይነገር፤ መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12ን ይቀንሳልና።