ሀርድ ዲስኩን ከመርገማችን በፊት ኤሌክትሪኩን እንመርምር

ወገን፣ በዚህ በባሕር ዳር "ሀርድ ዲስኬ ሞተ" የሚል ሰው ሳላገኝ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ "የትኛው ብራንድ ይሻላል?" እኔ ጥያቄው ራሱ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። ቤት ውስጥ በተገጣጠመ ዴስክቶፕ ላይ ዲስክ ደጋግሞ ሲሞት ከብራንዱ በፊት መጠርጠር ያለበት የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ነው። ሟቹን እየቀየርን ገዳዩን እዚያው ሳጥን ውስጥ እንተወዋለን።

ለምን? በአጭሩ ላስረዳ። የዴስክቶፕ ሀርድ ዲስክ ሞተሩን ለማዞር 12 ቮልት፣ ለሰሌዳው 5 ቮልት ይፈልጋል። ውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበው ራስ ሳህኑን ሳይነካ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ይንሳፈፋል። ኮምፒውተሩን በወጉ ስንዘጋው ራሱ ተረጋግቶ ወደ ማረፊያው ይገባል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ሳህኑ ገና በሚዞርበት ጉልበት ተጠቅሞ በችኮላ ይሸሻል። ዲስኩ ይህን እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ግን ለአንዳንድ ቀን እንጂ በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ አይደለም። እየተጻፈ የነበረው ፋይልም ግማሽ ላይ ይቀራል።

መሄዱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው። ከትራንስፎርመር የሚመጣው የኒውትራል ሽቦ ከላላ ወይም ከተበጠሰ ደግሞ 220 መሆን ያለበት ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። አንዱ አምፖል ሲደምቅ ሌላው ሲፈዝ ካያችሁ ቶሎ ብሬከሩን አውርዱ፤ ቀልድ አይደለም። ክረምት ላይ ከጣና በኩል የሚመጣውን ነጎድጓድ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

"እኛ እኮ ኃይል ማመንጫው ሥር ነን" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ጢስ ዓባይ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለ። ከሐይቁ ውኃ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም ተመርቋል። ሕዳሴም ጳጉሜን 2017 ተመረቀ። ግን ማመንጨት ሌላ፣ በየሰፈሩ አሮጌ ሽቦ አልፎ ሶኬታችን ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው። ዲስኩ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

አባይ ማዶ የሚኖር አንድ ባልደረባዬ ዕቃውን ከየቦታው ለቃቅሞ ዴስክቶፕ ገጣጠመ። በዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ሀርድ ዲስክ ሞቱበት። ጥገና ቤት በወሰደው ቁጥር መልሱ "ዕቃው ፌክ ነው" ነበር። ሁለተኛው ሲሞት የሁለት ሴክሽን ማርክ ሊስት ይዞ ሄደ። የፈተና ወረቀቱ ለልጆቹ ተመልሷል፤ ስለዚህ መምህሩ ክፍል ለክፍል እየዞረ "ወረቀታችሁን አምጡ" ማለት ጀመረ። ወረቀቱን የጣለ ልጅስ? ውጤቱ በምን ይታወቅ? አንድ ዲስክ ሞተ ስንል ከኋላው እንዲህ ዓይነት ጣጣ አለ።

ሦስተኛውን ከመግዛቱ በፊት ሳጥኑን አብረን ከፈትነው። ማሽኑ ሥራ ሳይበዛበት 12 ቮልቱ ደህና ነው። ከባድ ጌም ሲከፈት ግን 11 ድረስ ይወርዳል። የሚፈቀደው ዝቅተኛ 11.4 ነው። ፓወር ሳፕላዩ ላይ "500 ዋት" ተጽፏል፣ ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ጣሳ ይቀላል። እሱ ተቀየረ፤ ሦስተኛው ዲስክ እስከ ዛሬ በሰላም እየሠራ ነው።

እናንተም ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

1ኛ. ጆሯችሁን ስጡት። ቀጭ እያለ የሚጠፋና እንደገና መዞር የሚጀምር ዲስክ ራሱ ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ኃይል አንሶትም ሊሆን ይችላል። ከመፍረዳችሁ በፊት በሌላ ደህና ፓወር ሳፕላይ ሞክሩት። በመቀጠያ አዳፕተር ከሆነ የሚሠራው አዳፕተሩን አውጡት፤ ርካሹ ይላላል፣ ይቃጠላልም።

2ኛ. ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ዲስኩ ስንት ጊዜ በድንገት ኃይል እንደተቋረጠበት ራሱ መዝግቦታል። የተበላሹ ሴክተሮች ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ገልብጡ። የሲአርሲ ስህተት ብቻ ከሆነ የሚጨምረው በመጀመሪያ የዳታ ኬብሉን ቀይሩ።

3ኛ. በመልቲሜትር ለኩ፣ ያውም ማሽኑ ሥራ እየሠራ። ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 መሆን አለበት። የፓወር ሳፕላዩን ሆድ ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኃይል ይቆያል።

4ኛ. ኬዙን ስትነኩት ይነዝራችኋል? እንግዲያው የሶኬታችሁ የመሬት ሽቦ የለም ወይም ተቆርጧል። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

5ኛ. ዲስኩ ሲሰካ ማሽኑ ጭራሽ አልነሳም ካለ አትጣሉት። ቮልቴጅ ሲበዛ ሰሌዳው ላይ ያለች መከላከያ ራሷን ሠውታ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉ ውስጡ በሰላም ሊኖር ይችላል። ከሌላ ዲስክ ሰሌዳ ነቅሎ መግጠም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

"ስታብላይዘር አለኝ" የምትሉ፣ ስታብላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ምንም አያደርግም። ለዚያ ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልገው፤ የእሱም ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል። "ኤስኤስዲ ገዛሁ፣ ተገላገልኩ" የምትሉም አትቸኩሉ። የሚዞር ሳህን የለውም እንጂ እየጻፈ ኃይል ከተቋረጠበት እሱም ፋይል ያበላሻል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይነሳም።

"በመምህር ደመወዝ ዩፒኤስ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ያው መምህር ነኝ። ግን ስንገጣጥም ለፕሮሰሰርና ለራም ተጨንቀን ፓወር ሳፕላይ ላይ ስንደርስ "ያገኘኸውን አምጣ" እንላለን። ፕሮሰሰሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ልዩነቱን እዚያ ላይ አውሉት። ነፃ የሆነም አለ፤ መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ፣ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ነጎድጓድ ሲጀምር የኢንተርኔት ኬብሉንም አብራችሁ ንቀሉ።

ለትምህርት ቤት አመራሮችም አንድ ነገር ልበል። ሃያ ኮምፒውተር ገዝቶ አንድም ዩፒኤስ አለመግዛት ቁጠባ አይደለም። ቢያንስ ሮስተርና ትራንስክሪፕት የሚሠራበት ማሽን ዩፒኤስ ይኑረው። ውጤቱም በየሳምንቱ ዓርብ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። የልጆች ውጤት በአንድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ መክረም የለበትም።

ኤሌክትሪሺያኖችና ጥገና ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ ጨምሩበት። ሌሎቻችሁ ግን ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ማርክ ሊስታችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡት። አሁን፣ መብራቱ እያለ።