ከጌጡ በፊት ፍሬኑ

በመካከላችን መኪና ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲሄድ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት አሮጌ መኪና ጋር የማይገናኝ የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሮጌው መኪና የሚጣል ዕቃ መሆኑ ቀርቶ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ሆኗል። ሀብትን መጠበቅ መልካም ነው፤ የምንጠብቀው ግን በምን ዐይነት ዕውቀት ነው? ይህን ለመጠየቅ ብዕር ያነሣነው ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን ነው።

ባለፈው ክረምት ሦስት ጓደኛሞች ሰንበቴ፣ በአንዳችን ቤተ ሰብ ግቢ ውስጥ፣ አንድ የቆየ ኮሮላ አድሰን ወደ አዲስ አበባ ልንመላለስበት አሰብን። ገንዘብ አዋጣን፤ እንደ ልማዳችንም ስብሰባ ተቀምጠን ድምፅ ሰጠን። በአብላጫ ድምፅ የተወሰነው ይህ ነበር፦ በመጀመሪያ ቀለም፣ ቀጥሎ የወንበር ልብስ፣ ከዚያም ትልቅ ድምፅ ማጉያ። ክርክራችንን ቆመው ይሰሙ የነበሩ አንድ አዛውንት የጭነት መኪና ሹፌር፣ «ልጆቼ፣ የፍሬኑ ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?» አሉን። «እኛ እንጃ፣ ጋሼ» አልናቸው። ክዳኑን ከፍተን ብናየው የቡና አተላ መስሏል። «በዚህ ነው ጣርማ በርን የምትወርዱት?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነገሩ የገባን ኋላ ነው። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ በደብረ ሲና በኩል የሚወርደው መንገድ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1300 ሜትር ገደማ ነው። ያን ቁልቁለት ሁሉ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ሊፈላ ይችላል። የፈላው እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ድምፅ ማጉያው በዚያች ሰዓት ምን ይረባል?

ስለዚህ ውሳኔያችንን ሻርን። በጋሼ መሪነት ከዋናው የፍሬን ፓምፕ እጅግ ከሚርቀው ጎማ ጀምረን፣ አንዳችን ፔዳል እየረገጥን፣ ሌላው የማስተንፈሻውን ቡሎን እየከፈተና እየዘጋ፣ አሮጌው ዘይትና አየሩ እስኪወጣ ድረስ ሠራን። የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ፋንታ ከቶ እንደማይጨመር፣ ቢጨመር ጎሚኒዎቹን አሳብጦ እንደሚያበላሽ ተማርን። መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ አስጠነቀቁን። ቁልቁለትንም ገና ከአፋፉ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ አድርጎ መውረድ እንደሚገባ ነገሩን።

አንዳንድ ወገኖቻችን፣ «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከግራሶ ጋር ምን አገናኘው? ይህ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ሥራ ነው» ይሉን ይሆናል። እኛ ግን ያፈርነው በዚሁ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የጣርማ በርን ዋሻ በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ጣሊያን ሄደ፤ ዋሻው፣ ቃላቱና ሙያው ግን ቀሩ። ቃሉንም ሙያውንም ጠብቀው ያቆዩልን እኛ «ያልተማሩ» የምንላቸው የጋራዥ ሰዎች ናቸው። የታሪክና የቋንቋ ተማሪ ነን እያልን በአጠገባቸው ዝም ብለን ስናልፍ ኖርን።

ጌጥ ይቅር አላልንም። ተራው ይጠበቅ ነው ያልነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ መብራት ይቅደሙ፤ ቀለሙ ይከተል። እሑድ የሰንበቴ ገበያ ሲበተን ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በየአሮጌው መኪና ተጭኖ ወደየቤቱ ይመለሳል። ያ ተሳፋሪ ሹፌሩን «ፋኩልቲህ የትኛው ነው?» ብሎ አይጠይቀውም፤ የሚፈልገው በሰላም መግባት ነው።

ስለሆነም ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንበተን፣ የቴክኖሎጂ ጓደኞቻችን ስለ ፍሬን አጠባበቅ አንዲት አጭር ጽሑፍ ያዘጋጁ፤ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች በአማርኛና በኦሮምኛ እናሰናዳት፤ የጋራዥ ሰዎችም ሳትባዛ በፊት ይረሟት። አስተማሪ ሆነን ብቻ ሳይሆን ተማሪም ሆነን እንሂድ።

ድምፅ ማጉያው እስከ ዛሬ አልተገዛም። ኮሮላው ግን ጣርማ በርን ወርዶ ሰንበቴ በሰላም ገብቷል።