ስለ ለቡ ባቡር ጣቢያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡራን የኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር ትራንስፖርት አክሲዮን ማኅበር የሥራ መሪዎች፤

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ የቆመው የለቡ ጣቢያ ነገር የመንገደኛውን ሕዝብ ሁሉ የሚመለከት ስለ ሆነ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ሙሴ ኢልግ ፈቃድ ሰጥተው ያስጀመሩት የሐዲድ ሥራ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ ሥራውን የያዘው ማኅበር በገንዘብ እጦት ስለ ወደቀ ሌላ ማኅበር እስኪተካው ድረስ ለዓመታት ቆሞ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የድካማቸውን ፍጻሜ ለማየት ሳይታደሉ ካረፉ ከ3 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያም በከተማው እምብርት ስለ ነበረ፣ መንገደኛው ከባቡር ወርዶ ጥቂት እንደ ተራመደ ከገበያው፣ ከመሥሪያ ቤቱና ከዘመዱ ቤት ይደርስ ነበር።

በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውና የሐዲዱ ስፋት ከቀድሞው 1 ሜትር ወደ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያደገው አዲሱ መሥመር፣ በፍጥነትም በሚሸከመው ጭነትም አሮጌውን እጅግ እንደሚበልጥ ማንም አይክደውም። ዳሩ ግን የዚህ መሥመር የለቡ ጣቢያ ከከተማው ዳር ስለ ወጣ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የከተማው ቀላል ባቡርም በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ስለሚያበቃ፣ ከመገናኛ ገና ጎሕ ሳይቀድ የተነሣች፣ ሕፃን ያዘለችና ሻንጣ የጎተተች እናት፣ ከታክሲ ታክሲ እየተሳፈረች ለቡ እስክትደርስ ድረስ የጉዞዋን ብርታት በመንገድ ትጨርሰዋለች። መዳረሻ የጎደለው ጣቢያ፣ ደጀ ሰላሙ እንደ ተዘጋ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውስጡ ቢያምርም ምእመኑ በውጭ ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር በትሕትና እንለምናለን። አንደኛ፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር ተመካክራችሁ፣ የባቡሩን መነሻና መድረሻ ሰዓት ጠብቆ ከለገሃርና ከመገናኛ የሚመላለስ አውቶቡስ ይመደብልን። ሁለተኛ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ እየኖረ አዲስ አበባ የሚሠራው ሠራተኛና የሚማረው ተማሪ እንዲገለገልበት፣ ማለዳና ማታ የሚመላለስ ባቡር በቋሚ የጊዜ ሰሌዳ ይጽናልን፤ ሐዲዱ በእነዚህ ከተሞች አጠገብ አስቀድሞ ተዘርግቷልና፣ አዲስ መሥመር መቀየስ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ መዘግየት ወይም የሰዓት ለውጥ ባጋጠመ ጊዜ፣ ተሳፋሪው ከቤቱ ሳይወጣ እንዲያውቀው በሬዲዮና በስልክ መልእክት ይነገርልን።

ጭነት ለአገር ሀብት የሚያስገኘውን ጥቅም እናውቃለን፤ ነገር ግን አበው ያንን ሁሉ መከራ የተቀበሉለት ሐዲድ ከዕቃው ጋር ሰውንም እንዲያመላልስ ነበርና፣ በለቡ በኩል የሚያልፈው መሥመር ለዕለት ተመላላሹ ድኻም ድርሻውን እንዲሰጠው አደራ እንላለን።

እግዚአብሔር ለበጎ ሥራ ያጽናችሁ።

በማክበር፣
አንድ የከተማው ነዋሪ