የአባቴ ቻናል

ስለ ሞተ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ሥራ መፍታት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከቪኤች ዋን ክላሲክ ጋር የቤተሰብ ያህል ዝምድና ነበረኝ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2010 የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ቨርጂኒያ ስገባ፣ አባቴ ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ ጠዋት ሻዩን ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥ ነበር። የሚከፍተው ያንኑ ቻናል ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ፣ እየተቀዳ ከሰው ሰው በሚዞር ካሴት የማይክል ጃክሰንንና የላየነል ሪቺን ዘፈን እየሰማ አድጓል፤ ክሊፑን ግን አላየም። «አየህ፣ እኔ እኮ ይሄን ሰውዬ በድምፁ ብቻ ነበር የማውቀው» ይለኛል። ሌላው ትዝታውን ሲያይ፣ እሱ ያመለጠውን ነበር የሚያየው።

ጣቢያው የተከፈተው በ2000 ሲሆን ባለቤቱ ቪያኮም ነበር። በ1981 ክሊፕ ለማሳየት የተከፈተው ኤምቲቪ በዘጠናዎቹ ወደ ሪያሊቲ ሾው ስላጋደለ፣ የሰባዎቹና የሰማንያዎቹ ክሊፖች ቤት አጥተው ነበር። ዲጂታል ኬብልና ሳተላይት ሲስፋፋ ደግሞ ለተጨማሪ ቻናል ቦታ ተገኘ። አሮጌ ክሊፕ ማጫወት አዲስ ፕሮግራም ከመሥራት ይረክሳልና። ኦገስት 1 ቀን 2006 ኤምቲቪ 25 ዓመት ሲሞላው፣ የመጀመሪያውን ቀን ስርጭት ደግሞ ያሳየው ይኸው ታናሽ ወንድሙ ነበር።

ታዲያ ምን ገደለው? ጓደኞቼ «ዩቲዩብ ነዋ!» ይላሉ። እውነት አለው። በእኔ አመለካከት ግን ባለቤቶቹም እጃቸው አለበት። ክሊፕ የሚያይ ሰው ዘፈኑ ካልጣመው ወዲያው ሪሞት ያነሳል፤ ትርዒት የሚያይ ግን ማስታወቂያውን ታግሦ ይቆያል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ወሬው፣ ፊልሙ፣ ዘጋቢ ፊልሙ የዘፈኑን ሰዓት በላው። በ2015 መጀመሪያ ላይማ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለውን የቀልድ ትርዒት 19 ቀን ሙሉ ሳያቋርጡ አሳዩ! አባቴ በሦስተኛው ቀን «እነዚህ ሰዎች ዘፈን አለቀባቸው እንዴ?» ብሎ ቻናሉን ቀየረ።

ኦገስት 1 ቀን 2016 ስሙ ጠፋና ኤምቲቪ ክላሲክ ተባለ። የዘጠናዎቹን የኤምቲቪ ካርቱንና ትርዒት ይደጋግም ጀመር። ተመልካቹ ሸሸ። ከ2017 መግቢያ ጀምሮ ምንም ሳይናገሩ ወደ ክሊፕ ተመለሱ። ያኔ ዩቲዩብ አሥር ዓመት አልፎት ነበር እኮ! እርግጥ ነው፣ የተመለሱት ወጪ ስለሚቀንስ ነው የሚል አይጠፋም፤ አልከራከረውም። ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ደግሞ በእንግሊዝ የነበሩት ኤምቲቪ 80ስና ኤምቲቪ 90ስ ተዘጉ።

«ምን ይጎዳል፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። ኢንተርኔት ላይ ለማግኘት ስሙን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቴ የዘፋኙን ስም በእንግሊዝኛ መጻፍ አይችልም፣ ብዙውንም ስሙን አያውቀውም። ቻናሉ ግን ሳይጠየቅ ያመጣለት ነበር። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን ይዞ ክፍሌ ድረስ ይመጣል። «ያ ማነው… ጥቁር መነጽር አድርጎ ፒያኖ የሚመታው፣ እስቲ ጻፍልኝ» ይለኛል። ሬይ ቻርልስ ነው ወይስ ስቲቪ ዎንደር? ሁለቱንም ጽፌ እሰጠዋለሁ።